ብስክሌቱ ሳይመጣ መንገዱ እንዳያልቅብን

በላሊበላና በላስታ የመንገድ፣ የቱሪዝምና የቅርስ ሥራ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለየአካባቢው የቅሬ (የመንደር ዕድር) መሪዎች

ጉዳዩ፦ በከተማችን ዙሪያ ያሉት የበቅሎ መንገዶች ሳይታረሱና ሳይቆፈሩ ለተራራ ብስክሌት እንዲያገለግሉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና አባቶች፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ እዚሁ ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ፣ የዕድሜዬን ግማሽ እንግዳ ሳስጎበኝ የኖርኩ፣ እንግዳ በጠፋበት ዘመን ደግሞ የሰው ብስክሌት እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ ከተማችን ቱሪዝም በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አንድ ተናጋሪ ተነሥተው ‹‹ላሊበላ የተራራ ብስክሌት መንገድ ያስፈልጋታል›› ሲሉ ልቤ በደስታ ዘለለ። ቀጥለው ‹‹ዶዘር ገብቶ አምስት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ይቆረጥ›› ሲሉ ያው ልቤ ተመልሶ ቁጭ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። የመናገር ዕድል ስላልደረሰኝ ያን ቀን ልናገር የነበረውን እነሆ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

የምንፈልገው መንገድ ተሠርቶ ካለቀ ብዙ ትውልድ አልፏል። ከከተማው ወጥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣው፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ዞሮ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚያደርሰው፣ ወደ ገነተ ማርያም የሚሻገረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሹምሸሃ በኩል እህሉንና ፍየሉን ወደ ገበያችን የሚያመጣው፣ ሁሉም የበቅሎ መንገድ ነው። ጠጠር መንገድ ሳይታሰብ ለገና በባዶ እግሩ ሲመጣ የኖረው ምእመን የደለደለው መንገድ ነው። ስፋቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ዳገቱን ፊት ለፊት አይጋፈጠውም፤ እየተጠማዘዘ ያደክመዋል። ምንጭ ባለበት ያልፋል፤ የወይራ ጥላ ባለበት ሰው የሚያርፍባት ድንጋይ አለችው። የተራራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ገንዘቡን ከፍሎ የሚፈልገውም ይህችኑ ቀጭን መንገድ ነው። አምስት ሜትር የሚሰፋውንማ እሱም በአገሩ ጠግቦታል።

በቅሎን ‹‹አባትሽ ማን ነው?›› ቢሏት ‹‹ፈረስ አጎቴ ነው›› አለች ይባላል። የእኛም ዕቅድ እንደዚያች በቅሎ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ስለ ብስክሌት መንገድ በተነሣ ቁጥር ፈረንጁ አጎት ይጠራል፤ አባትየው አህያ ግን ከነጭነቱ ይደበቃል። ይህን መንገድ እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆየው አህያው ነው። አህያው የተወው መንገድ በሁለት ክረምት ቁጥቋጦ ይውጠዋል፤ እኔ የማውቃቸው ሁለት አቋራጮች እንዲህ ጠፍተዋል።

ብስክሌቴን ያገኘሁት ከአንድ እንግዳ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በጋሸና በኩል እኛ ዘንድ የደረሰ ሽማግሌ ነበር። ሲመለስ ለአውሮፕላን ጭነት ከሚከፍል ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። የኋላ ፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጭ ነበር። ማርሹ ከሁለት ጥርስ በላይ አይታዘዝም። ሸራውን ከሞተር ብስክሌት አሮጌ ሸራ በመጋዝ ቆርጬ፣ በሞረድ አስተካክዬ ገጠምኩለት። የከመነዳሪውን ነገር ባልናገር ይሻላል፤ የግራር እሾህ ያለበት አገር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የለጠፍኩት ልጥፍ ከጎማው ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በመኪና ስንት ዓመት ያመላለስኩትን አገር ገና እንዳየሁት ተረዳሁ። በመኪና ሲሄዱ ቢልባላን ‹‹አልፈነዋል›› ይባላል። በብስክሌት ቢልባላ አይታለፍም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሆነ ይጠየቃል፣ ዶሮ ወጥ ባይገኝ ሽሮ ይበላል፣ ሒሳብ ይከፈላል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ይምርሐነ ክርስቶስ በመኪና መንገድ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዳው ጠዋት በመኪና ይወጣል፣ በዋሻው ውስጥ ያለውን ነጭና ጥቁር ግንብ፣ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረቡ የተሠሩበትን ጥበብ ያደንቃል፣ ከጀርባው ያለውን የምእመናን አፅም አይቶ ይደነግጣል፣ ለምሳ ሆቴሉ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ላሉት መንደሮች የተረፋቸው አቧራ ነው። በብስክሌት የሚሄደው ግን አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ሰው እዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በአገሩ ከለመደው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዳገት ሲጀምር ጀግናውም ሰው ይሆናል። ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይመሽበታል። ለመንደሮቻችን ገቢ የሚሆነው ይኸው ድካሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ዋናው ጉዳይ ውሃ ነው።

ብዙ ሰው ‹‹ብስክሌት ከገባ መንገዱን ያበላሸዋል›› ይላል። ቁልቁል ፍሬን ይዞ የሚንሸራተት ጎማ አፈር እንደሚልግ አልክድም። መንገድን ቦረቦር የሚያደርገው ግን የክረምት ጎርፍ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ የሚሄደው እኛ ባሳየነው በኩል ነው። የብስክሌት መንገድ የሚቀይሱ ባለሙያዎች የሚከተሏቸው ጥቂት ልኮች አሉ። አንደኛው፣ መንገዱ በአማካይ በአሥር ሜትር ጉዞ ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ሽቅብ ባይወጣ ይመረጣል። ሌላው፣ የመንገዱ ዳገትነት ከተቀመጠበት ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ውሃው መንገዱን አቋርጦ ከመውረድ ይልቅ መንገዱን ራሱን ወንዝ ያደርገዋል። ሦስተኛው፣ የመንገዱ ወለል ወደ ገደሉ በኩል በጥቂቱ፣ ከመቶ አምስት ያህል ዘንበል ይላል፤ ውሃ ሳይጠራቀም እንዲሻገር ነው። ይህን ሁሉ ከውጭ ከመጣ ጽሑፍ ላይ አንብቤ ስጨርስ በጣም ተኩራርቼ ነበር።

ከዚያ ወደ ናኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አባት አገኘሁ። መጋቢት ነው፤ በልግ ትንሽ ካፍ አድርጎ አባርቷል። ብቻቸውን ናቸው። ከጎናቸው አንድ ዶማ፣ ከፊታቸው ጭንቅላት የሚያህሉ ሰባት ስምንት ድንጋዮች። መንገዱ ገና ጣት የሚያህል ስንጥቅ ጀምሯል። እሳቸው ድንጋዮቹን መንገዱን አቋርጠው፣ ግን ቀጥ አድርገው ሳይሆን አሰያፈው፣ ታችኛው ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ እንዲያመለክት አድርገው ይቀብራሉ። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ከመሬት በላይ የሚታየው ከአራት ጣት አይበልጥም። ሲጨርሱ የሃይላንዳቸውን ክዳን ከፍተው የሚጠጡትን ውሃ ከላይ አፈሰሱበት። ውሃው ወረደ፣ ድንጋዩን ነካ፣ ተጠማዘዘ፣ ወደ ሣሩ ገብቶ ጠፋ። ‹‹ሄደ›› አሉ። ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ማን እንደላካቸው ጠየቅኋቸው። ‹‹አህያዬ›› አሉኝ። ልኮቹን የተማርኩበትን ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ብዙም አላነሣሁትም።

ያ ድንጋይ እኔ እስካሁን በላዩ ሳልፍ አለ። ጎማ ያነጥራል እንጂ አያስቆምም፤ የብስክሌት ሰዎች እንዲያውም ይወዱታል። ከእሱ በታች ያለው መንገድ ከነቆዳው ነው። በተመሳሳይ ተዳፋት ላይ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ የመኪና መንገድ ሲያሰፋ ትርፍ አፈሩን ቁልቁል ደፋው። አፈሩ የቆየውን የበቅሎ መንገድ ሦስት ቦታ ላይ ቀበረው። ገበያተኞቹ ከላይ አዲስ አቋራጭ ወጉ፤ አቋራጩ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሆነ፤ በመጀመሪያው ክረምት ጉልበት አስገባ፤ በሁለተኛው ወገብ። አሁን እዚያ ላይ በቅሎም ብስክሌትም አይሄድም፤ ገበያተኛው ከመኪና ጋር እየተጋፋ በላይኛው መንገድ ይሄዳል። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። ከላይ ሆኖ አፈር የሚደፋ ሰው ከታች መንገድ መኖሩን አላወቀም፤ መንገዱ በየትኛውም ካርታ ላይ አልነበረማ።

ከአዳራሹ ጭብጨባ ያስቀረኝ ይኸው ነው። ዶዘር የቆረጠው አምስት ሜትር በክረምት አምስት ሜትር ጎርፍ ነው።

መንገዶቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሁሉንም ‹‹ለብስክሌት›› ብሎ መክፈት ስህተት ይሆናል። የምነዳቸውን ስለማውቃቸው ሐሳቤን ሳልደብቅ ልናገር።

አሸተን ማርያም ለብስክሌት መሆን የለበትም። ከተማችንን ከላይ የምታይ፣ ከገደል የተፈለፈለች ገዳም ናት። መንገዷ ጠባብ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ የድንጋይ ደረጃ፣ አንዳንዱ ቦታ የገደል ስንጥቅ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በበቅሎም በእግርም የሚወጣው ምእመን ብዙ ነው። አቅመ ደካማ አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሽቅብ ሲወጡ ከላይ ሽው እያለ የሚወርድ ሰው በምን አንደበት ይቅርታ ይጠይቃል? አንድ ጊዜ ወርጄበታለሁ፤ ጎበዝ መስዬ ነበር፤ ዛሬ አፍራለሁ። ይህ መንገድ ለእግረኛና ለበቅሎ ይተው።

ናኩቶ ለአብ ግን ለጀማሪ የተፈጠረ ነው። ከከተማው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ ሰባት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ጸበል የሚቀበሉት የድንጋይ ገበቴዎች ዘንድ ላቡን ጠርጎ የገባ ሰው፣ ከመኪና ወርዶ ከገባው ይልቅ ጠብታው ይሰማዋል። ከዚያ ወደ ሹምሸሃ ሜዳ መውረድ ይቻላል። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው እዚያው ሜዳ ላይ፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከከተማው ጀምሮ ቁልቁለቱ 500 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ቁልቁለት ለሚወድ ሰው ደስታ ነው፤ መመለሻው ግን የራሱ ጉዳይ ነው። አህያ ከነጭነቷ የምትመለሰውን እንግዳው በባጃጅ ቢመለስ አንቀየመውም።

ይምርሐነ ክርስቶስን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። በቢልባላ በኩል የመኪናው መንገድ ረጅምና የተሻለ ነው፤ በመንገዱ ላይ ቢልባላ ጊዮርጊስን፣ ቢልባላ ቂርቆስንና አርባዕቱ እንስሳን የመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በተራራው በኩል ያለው የበቅሎ መንገድ አጭርና ክፉ ነው፤ ብስክሌቱን ተሸክሞ መውጣት ግድ የሚልበት ቦታ አለ። እኔ የምመክረው በመኪናው መንገድ ሄዶ፣ እዚያው መንደር አድሮ፣ በማግሥቱ በተራራው መመለስ ነው። በተገላቢጦሽ የሞከሩ ሁለት ወጣቶች ማታ በቃሬዛ ሊመጡ ምንም አልቀራቸው።

አቡነ ዮሴፍ ሌላ ዓለም ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራውና ጓሳው ያለበት፣ ጭላዳ በመንጋ የሚግጥበት፣ ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ነው። የውርጭ አፈር አንዴ ከተላጠ ቶሎ አይድንም። እዚያ ከነባሩ እግር መንገድ አንድ ስንዝር መውጣት እንዲከለከል፣ በክረምትም ፈጽሞ እንዲዘጋ እጠይቃለሁ። ብስክሌተኞች በዚህ ሊቀየሙኝ ይችላሉ፤ ይቀየሙ።

መቄት ደግሞ በተቃራኒው ሰፊ ነው። ከጋሸና ወዲያ ያለው ደጋ ጠፍጣፋ ሆኖ ድንገት በገደል ያልቃል፤ ከአፋፉ ላይ ቆሞ የተከዜን ሸለቆ ማየት ነው። እዚያ ያሉ መንደሮች በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ‹‹ተስፋ›› በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ እግረኛ ተጓዥ ተቀብለው፣ ገቢውን ለመንደራቸው ማዋል ጀምረው ነበር። መቋት ማርያም አፋፍ ላይ ካሉት ጎጆዎች በር ተቀምጦ ጠላ የቀመሰ ሰው የት እንደዋለ አይረሳም። ለብስክሌት አዲስ ነገር መፍጠር ሳያስፈልግ ከዚህ ልምድ መነሣት ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ፤ ዋልካው። ዝናብ ካካፋ ጥቁሩ አፈር ጎማውን እንደ ግድግዳ ይለስነዋል፤ መቶ ሜትር ሳይሄዱ መንኮራኩሩ መዞሩን ያቆማል። እንግዳን በሐምሌ ወደዚያ የሚልክ አስጎብኚ ብስክሌት አያውቅም።

በስልክ ስለሚቀረጸው ካርታም አንድ ነገር ልበል። እንግዶች የሄዱበትን መንገድ በጂፒኤስ ቀርጸው ለሌላው ያካፍላሉ፤ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ በየካቲት የተቀረጸው አቋራጭ በመስከረም የሰው ማሳ ነው። አዝመራ ከተነሣ በኋላ በገለባው ላይ ሁሉም ያቋርጣል፤ ጤፉ በበቀለ ጊዜ ግን ያው መስመር ወንጀል ነው። ስልኩ ወር አያውቅም። ስለዚህ ካርታውን እኛው ከባለ ማሳዎቹ ጋር ሆነን ሠርተን፣ የበጋና የመኸር ብለን ለይተን ብናወጣው ጠብ ይቀራል።

ደግሞ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች አሉ፤ አሳፋሪ ቢሆንም እናንሣው። በብስክሌት ኢትዮጵያን ያቋረጠ እንግዳ ሁሉ የሚያወራው ነው። እኔንም ወርውረውብኛል፤ የአገሬ ልጆች፣ በአገሬ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አንዱን አባርሬ ያዝኩት፣ ከዚያ ምን እንደማደርገው አጣሁ። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ‹‹ለምን ወረወርክ?›› አልኩት። ‹‹ዝም ብለህ አለፍክ›› አለኝ። ይህች መልስ ቆየት ብላ ነው የገባችኝ። በእኛ አገር በቅሎ የተቀመጠ ሰው እንኳ መንገደኛ ሲያገኝ በቅሎውን ገታ አድርጎ ‹‹እንደምን ዋላችሁ፣ ከብቱ ደኅና፣ አዝመራው እንዴት ነው›› ይላል። ብስክሌተኛው መነጽር አድርጎ፣ የራስ ቁር ደፍቶ፣ እንደ ጭልፊት ያልፋል። ልጅ የማያውቀውን ክንፍ ያለው ነገር ቢወግር አይገርምም። ከዚያ ወዲህ መንደር ስደርስ እወርዳለሁ፣ እየገፋሁ ሰላም እላለሁ። ድንጋዩ ቀርቷል፤ ‹‹አንድ ጊዜ ልንዳው›› የሚለው ልመና ግን አልቀረም።

ከአህያ ጋር ሲገናኙ ምን እንደሚደረግም ደንብ ያስፈልገዋል። በውጭ አገር ብስክሌተኛ ለእግረኛም ለእንስሳም ቅድሚያ እንዲሰጥ ይማራል፤ ይህ እኛም ጋ ይስማማል። ፈረስ ካገኘህ በቁልቁለቱ በኩል ቁም፣ እንስሳ ከላይ የሚመጣበትን ይፈራል የሚልም ምክር አለ። እኔ ይህን ምክር አክብሬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ቆምኩ። አንዲት ሴት ሦስት አህያ እየነዱ መጡ፤ ግራና ቀኝ የተንዠረገገ የእህል ጆንያ። የኋላ መንኮራኩሬ ሲንቀጫቀጭ የመጀመሪያዋ አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ደነበረች፣ ጆንያው ደረቴን ገፋኝ፣ አንድ እግሬ ከመንገድ ወጣ። ሴትየዋ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ‹‹ምነው ልጄ፣ ወደ ተራራው ተጠጋ እንጂ! ጭነት ዓይን የለውም›› አሉኝ። እነሆ የላስታ ደንብ፦ ጭነት ካየህ ውረድ፣ መንኮራኩሩን አቁም፣ ወደ ተራራው ተጠጋ፣ ጭነቱ ይለፍ። ይህ ለእያንዳንዱ ብስክሌት ተከራይ በቃል ይነገረው።

ገንዘቡና ጥገናው በማን እጅ ይሁን ለሚለው፣ የእኔ መልስ ቅሬ ነው። አዲስ ማኅበር፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ኮሚቴ አያስፈልግም። በወሎ መንደር ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና የሚያደርሰው ቅሬ ነው። ብስክሌተኛ ገደል ሥር እግሩን ቢሰበር የሚያነሣውም፣ ብንፈልግም ባንፈልግም፣ ያው ቅሬ ነው፤ ሌላ ማን አለ? እንግዲያው አስቀድሞ ይከፈለው። እያንዳንዱ ብስክሌተኛ በሚያልፍበት መንደር ትንሽ የመንገድ ገንዘብ ይክፈል፤ በእሱ ቅሬው ቃሬዛውን ያድስ፣ ከመስቀል በኋላ ጎርፍ ያበላሸውን ይጠግን፣ የውሃ መቀልበሻ ድንጋዮቹን ይትከል። ሠራተኛ በአገራችን ሞልቷል፤ በየበጋው ለተፋሰስ ሥራ ካብ የሚክብ ሕዝብ የመንገድ ድንጋይ መትከል አይቸግረውም። ከተማው ደግሞ ገንዘቡ ቅሬው ዘንድ መድረሱን ይቆጣጠር። በመሐል ላይ የሚቀር ገንዘብ ካለ መንገዱ ላይ እሾህ እንደሚነሰነስ ልደብቃችሁ አልችልም።

ምልክት ለመትከል የሚቸኩል ሰው አለ። ብረት ሰሌዳ አትትከሉ፤ ብረቱ በሳምንቱ በር ይሆናል። በአሜሪካ ዩታ ውስጥ ሞአብ የምትባል ከተማ አለች። የዩራኒየም ማዕድን ሲቀዘቅዝባት በዙሪያዋ ባለው ራቁት ቀይ ድንጋይ የተራራ ብስክሌት ሰው ሰብስባ ኖራለች። እጅግ የታወቀው መንገዷ የሚታወቀው በድንጋዩ ላይ በተቀባ ነጭ ቀለም ብቻ ነው። እኛም ከከተማው ርቆ ባለ ድንጋይ ላይ እንደዚያ ብናደርግ ይበቃል። በዓለም ቅርስነት በ1978 እ.ኤ.አ. በተመዘገቡት አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ ግን አንዲት የቀለም ጠብታ እንኳ አትንካቸው። ብስክሌትም እዚያ አይግባ፤ ከቤተ ጊዮርጊስ ርቆ ይቁም፣ ባለቤቱ እንደ ሰው ጫማውን አውልቆ ይግባ። በገና ሳምንት ደግሞ የትኛውም መንገድ የምእመኑ ነው፤ ኪራይ ይቁም።

‹‹በዚህ ጊዜ ስለ ብስክሌት?›› የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ2012 ኮሮና እንግዳውን አስቀረው፤ በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ከተማችን ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ዕረፍት አላገኘንም። ጓደኞቼ በቅሎዎቻቸውን ሸጠዋል። እኔ ራሴ እንግዳ ተኝቶበት የማያውቅ አንሶላ በየወሩ አጥባለሁ። ዛሬ እንግዳ ጥሩ የምል ዕብድ አይደለሁም። የምለው፣ ሰላም ሲወርድ እንግዳው ይመጣል፤ በጎርፍና በዶዘር የሄደው መንገድ ግን አብሮት አይመለስም። ድንጋይ መትከል ደግሞ ሰላም አይጠብቅም፤ ገበያተኛው ዛሬም ይሄድበታል። ብስክሌት የሚባል ነገር ከነአካቴው ባይመጣ እንኳ አህያው ተጠቃሚ ነው። ይህን የሚያህል ኪሳራ የሌለው ዕቅድ የቀረበላችሁ አይመስለኝም።

ብስክሌት ለእኛ ባዕድ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትቀርብ ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ነድቷል። ሩዋንዳ ኮረብታ ከመብዛቷ በቀር ከእኛ ምን ትለያለች? በኪቩ ሐይቅ ዳር ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን 227 ኪሎ ሜትር መንገድ አላት፤ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2018 ደግሞ የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። እኛ ኮረብታውም፣ ታሪኩም፣ መንገዱም አለን። የጎደለን መንገዱን በካርታ ላይ ማስፈር ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የበቅሎ መንገዶቹ ከናኩቶ ለአብ ጀምሮ አንድ በአንድ በካርታ ይስፈሩ፤ አፈር የሚደፋ ተቋራጭ ከመጀመሩ በፊት ካርታውን አይቶ ይፈርም። በአፈር የተቀበረው የበቅሎ መንገድ ይከፈት፤ ለዚህ ዶማና አርባ ሰው ይበቃል፤ ቆጥሬዋለሁ። ዶዘሩ ሌላ ቦታ ሥራ አያጣም።

ማናችሁም በዓይናችሁ ማየት ብትፈልጉ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት የናኩቶ ለአብ መንገድ ከመኪናው መንገድ በሚገነጠልበት ላይ እገኛለሁ። ሁለት ብስክሌት አለኝ፤ የአንደኛው ፍሬን ጥሩ ነው፣ እሱን ለእንግዳ እሰጣለሁ። መንዳት የማይችል ካለ በቅሎ እንለምንለታለን። ሃይላንድ ውሃ ይዛችሁ ኑ፤ የምንጠጣው ሳይሆን ድንጋዮቹ ላይ የምናፈስሰው።

ከአክብሮት ጋር
የላሊበላው ብስክሌት ጠጋኝ